ሁለት ፀጉር ተሸክሜ እስከ መቼ?

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጅማ፣ ከአጂፕ ሰፈር ነው፤ ዕድሜዬ 29 ነው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሳልፍ አክስቴ ለሽልማት ብላ ፀጉር ቤት ወስዳ ሪላክሰር የሚባለውን ፀጉር ማቅኛ ክሬም አስቀባችኝ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ወሩ ሳልቀባ ቀርቼ አላውቅም። ባለፈው የካቲት ግን ራሴ ቆሰለና ለሁለት ሳምንት ትራስ ላይ መተኛት አቃተኝ፤ ያኔ በቃኝ አልኩ። አሁን ከሥሩ የበቀለው ጥቅልል ነው፣ ከታች ያለው ቀጥ ያለ ነው፣ መሀሉ ላይ እየተበጠሰ ያልቃል። ማበጠሪያው ላይ የሚቀረውን ሳይ አለቅሳለሁ። ፀጉር የምትሠራኝ ልጅ ‹ኬራቲን ልሥራልሽና ይስተካከላል› ትለኛለች። የሥራ ባልደረባዬ ‹ቁረጪውና ተገላገዪ› ትላለች። መቀስ ሳነሳ እናቴ ‹ማን ሞቶብሽ ነው?› ብላ ከእጄ ቀማችኝ። ታናሽ እህቴ በጥር ታገባለች፣ ሚዜዋ ነኝ። ‹በዚህ ከርዳዳ ፀጉር ፎቶዬ ውስጥ እንዳትገቢ› አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። የራሴን ፀጉር እኮ ምን እንደሚመስል እንኳ አላስታውሰውም። ልቁረጠው ወይስ ልጠብቅ? — ሁለት ፀጉር ያላት»

የኔ እህት፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጥልሽ። ኬራቲን የሚሉትን ማቅኛ እምቢ በይ። መቀሱን እስከ ሰርጉ ማግስት አቆዪው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሳትፈሪ ቁረጪው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለመንገር ትንሽ ወሬ ማርዘም አለብኝ።

እኔም የጅማ ልጅ ነኝ፤ 17 ዓመት ሪላክሰር ተቀብቻለሁ። ያቆምኩበት ቀን ቅዳሜ ነበር። ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ልጅቷ ቀብታኝ እንደጨረሰች ቧንቧው ጠፋ። ስሜቱን ታውቂዋለሽ፤ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ያሳክካል፣ ከዚያ በኋላ እሳት ነው። አንዷ ጀሪካን ይዛ ጎረቤት ሮጠች፣ ሌላዋ በካርቶን ክዳን ታራግብልኛለች፣ እኔ የወንበሩን እጀታ ጨምድጄ የጣሪያውን ሚስማር እቆጥራለሁ። ውሃው መጥቶ ታጥቤ ስነሳ፣ ከጆሮዬ በላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ቆዳ ከፎጣው ጋር ተነሳ። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? «ቀጥ ብሏል?» ነው ያልኩት። ዛሬም ሳስታውሰው ቁስሉ ሳይሆን ይቺ ጥያቄ ናት የምታመኝ።

ክሬሙ ውስጥ ያለውን ብታውቂ ቁስሉ አይገርምሽም። ሳሙና ቀቃዮች ኮስቲክ ሶዳ የሚሉት፣ በኬሚስትሪ ስሙ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለው ነገር በብዙ ሪላክሰር ውስጥ ዋናው ነው። «ኖ ላይ» (ኮስቲክ ሶዳ የሌለበት) ተብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ከጓኒዲን ካርቦኔት ጋር ተደባልቆ ነው የሚሠራው፤ ስሙ ለስለስ ይበል እንጂ እሱም ያቃጥላል። አሲድና አልካሊ በሚለካበት በፒኤች መለኪያ ንጹህ ውሃ 7 ሲሆን ሪላክሰር ከ12 እስከ 14 ይደርሳል። ፀጉራችን ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን እንደ ገመድ የተገመደ ነው፤ ጥቅልሉን አጥብቀው የያዙት የሰልፈር ማሰሪያዎች ናቸው። ክሬሙ እነዚህን ይበጥሳል። አንዴ ከተበጠሱ ደግሞ እንደ ድሯቸው ተመልሰው አይታሰሩም።

ስለዚህ ቀጥ ያለው ፀጉርሽ፣ ቅቤም ቀባሽው፣ እንቁላልም መታሽበት፣ ውድ ክሬምም ገዛሽለት፣ ወደ ጥቅልል አይመለስም። ከቆዳ በላይ የወጣ ፀጉር ሕይወት የለውም፤ ሕያው የሆነው ከቆዳው ሥር ያለው ብቻ ነው። ደግነቱ ክሬሙ ሥሩን እስካልጎዳው ድረስ ከዚያ የሚወጣው በሙሉ ያንቺ ነው። ፀጉር በወር በግምት 1 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ ከየካቲት እስከ አሁን መስከረም 7 ሳንቲ ሜትር ያህል አብቅለሻል ማለት ነው። ጥር ላይ 11 ይጠጋል። በመስታወት ስታዪው የዚህን እኩሌታ እንኳ ላያክል ይችላል፤ ጥቅልል ፀጉር ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ነው። አላደገም ብለሽ እንዳትደነግጪ፤ አንዷን ዘለላ አርጥበሽ ሳብ አድርገሽ ለኪያት።

መሀሉ ላይ የሚበጠሰውም ለዚሁ ነው። ጥቅልሉና ቀጥ ያለው የሚገናኙበት ቦታ ከሁሉም የደከመ ነው። ከላይ ያለው ጠንካራ፣ ከታች ያለው የተመናመነ፤ ማበጠሪያ ሲመጣ መጋጠሚያው ላይ ይለቃል። ማበጠሪያው ላይ የምታዪው ብዙው ከሥሩ የተነቀለ አይመስለኝም። አንዷን አንስተሽ ጫፏን እዪ። ነጭ ጉብታ ካላት ከሥር ወድቃለች፤ ይሄ ጤነኛ ሰውም ላይ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ያህል የሚሆን ነው። ጉብታ ከሌላት ተበጥሳለች፤ መበጠስን ደግሞ በአያያዝ መቀነስ ይቻላል።

ኬራቲን ልሥራልሽ ያለችሽን ልጅ አልወቅሳትም፤ እንጀራዋ ነው፣ የምትለውንም አምናበት ይሆናል። ግን ብዙዎቹ ፀጉር ማቅኛ «ኬራቲኖች» ፎርማልዲሃይድ አለባቸው፣ ወይም በፒያስትራ ሲተኮሱ ያንኑ ጋዝ ይለቃሉ። ዓይን የሚያስለቅሰውና ጉሮሮ የሚከረክረው ጭስ እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ፎርማልዲሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ካላቸው ነገሮች መድቦታል። ከአንዱ እሳት ወጥተሽ ሌላው ውስጥ አትግቢ። ያ ሁሉ ሆኖ የበቀለውን 7 ሳንቲ ሜትርም መልሰሽ ታቀኚዋለሽ።

ስለ ካንሰር ካነሳሁ አይቀር፣ ስለ ሪላክሰሩም ሰምተሽ ይሆናል። በፈረንጆች 2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች 33,497 ሴቶችን የተከታተሉበትን ጥናት አውጥተው ነበር። ፀጉር ማቅኛ ፈጽሞ ካልተጠቀሙት መካከል እስከ 70 ዓመት ዕድሜ በማሕፀን ካንሰር ይያዛሉ ተብሎ የተገመተው 1.64 በመቶ ሲሆን፣ በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ ከተጠቀሙት መካከል 4.05 በመቶ ነው። ጥናቱ ግንኙነት አሳየ እንጂ ክሬሙ ለብቻው ካንሰሩን ያመጣል ብሎ አልደመደመም፤ ከተጠቀሙትም አብዛኞቹ በዚህ በሽታ አልተያዙም። ይህን የምነግርሽ እንድትሸበሪ አይደለም። አንቺ በዓመት 6 ጊዜ ስትቀቢ የኖርሽ ነሽና ማቆምሽ ልክ እንደሆነ እንድታውቂ ብዬ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። በደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ የከበደኝ የሳቸው ጥያቄ ነው።

«ማን ሞቶብሽ ነው?» ያሉት ስለ ቁንጅና ተጨንቀው አይመስለኝም። እናቶቻችን ሴት ልጅ ፀጉሯን ስትቆርጥ ያዩት ለቅሶ ቤት ነው። ባል ሲሞት፣ ልጅ ሲሞት፣ ወንድም ሲሞት ይላጫሉ፤ ሻሹ ወርዶ ራሱ ሲታይ ሰፈሩ በሙሉ ሐዘኑን ያነባል። እና አንዲት እናት ትንሿን ልጇን ልትድር ቤቷን እያሰናዳች ሳለ፣ ትልቋ መቀስ ይዛ መስታወት ፊት ስትቆም ምን ይታያት? ሟርት ነው የታያቸው። እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን እቀማሽ ነበር።

እስከ ጥር አቆዪው ያልኩሽ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ፀጉርሽ ያንቺ ነው፣ ፈቃድ መጠየቅ የለብሽም። ግን አራት ወር ጠብቀሽ የሰርጉን ቤት ሰላም ብታቆዪው የሚጎድልሽ ነገር የለም፤ እንዲያውም አራት ሳንቲ ሜትር ይጨመርልሻል።

ቁጭ ብለሽ ግን አነጋግሪያቸው። ሰው የሌለበት ቀን ቡና አፍዪ፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ ስትደርሱ ጀምሪ። ዘመን ተለውጧል፣ ሰዉ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው አትበያቸው፤ እሱ ክርክር ያመጣል። ፀጉርሽን ከፍለሽ የቆሰለበትን ቦታ አሳዪያቸው። ጣታቸውን ይዘሽ ጠባሳው ላይ አድርጊው። እኔ እንዲህ ሳደርግ እናቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፣ ከዚያ «ይሄ ሁሉ ለፀጉር ነው?» አለችና እጇን ሳታነሳ ቆየች።

ከዚያ ጠይቂያቸው፤ «እማዬ፣ ድሮ ፀጉሬ ምን ይመስል ነበር?» በያቸው። አንቺ አላስታውሰውም ብለሻል። እሳቸው ያስታውሳሉ። ከተወለድሽበት ጊዜ እስከ ሚኒስትሪው ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ በርጩማ ላይ አስቀምጠው፣ ጉልበታቸው መሀል አስገብተው፣ በሚዶ ያበጠሩሽ እሳቸው አይደሉም? በዓለም ላይ ያንቺን ፀጉር ከሥሩ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። የኔዋ ምን አለችኝ መሰለሽ፦ «ያንቺ ከኋላ እንደ ጥጥ ነው። አናትሽ መሀል ላይ ግን እምቢተኛ ነበር፤ እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ ታለቅሺ ነበር። በግራ ጆሮሽ በኩል ሽክርክሪት አለሽ።» በ17 ዓመት ረስቼው የነበረው ነገር ነው። ቆርጬ ሳበቅለው አንድም አልሳተችም፤ ሽክርክሪቱም በግራ በኩል ወጣ።

እህትሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። ክፋት እንደሌለባት ደብዳቤሽ ራሱ ይናገራል። ግን «ከርዳዳ» የሚለው ቃል ሲሳቅበትም ይቆረቁራል፤ ልጅ ሆነን የሰማነው ስለሆነ ነው እኮ 14 ዓመት ሳይሞላን ለክሬሙ የተሰጠነው። ለብቻችሁ ሆናችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ንገሪያት፤ «ሰርግሽን በደስታ አጅባለሁ፣ ይሄን ቃል ግን ሁለተኛ አትበዪኝ» በያት። ዞማና ሉጫ ሲሞገስ ሰምተን አደግን፤ ከ1928 እስከ 1933 ጫካ የገቡት አርበኞች ፎቶ ላይ ያለው ጎፈሬ ግን ዞማ አልነበረም። ያን ፎቶ አይቶ ፀጉሩን የሚነቅፍ ኢትዮጵያዊ አላጋጠመኝም።

እስከ ጥር እንዴት እንደምትይዢው ደግሞ ልንገርሽ። ብርቱው ነገር ይህ ነው፦ ደረቁን አታበጥሪ። ፈጽሞ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰፊ ጊዜ ባለሽ ቀን፣ ፀጉሩን አራት ቦታ ከፍለሽ በመቆንጠጫ ያዢው። ሻምፑውን የራስ ቆዳሽ ላይ ብቻ እሺው፤ ጫፉን አረፋው ሲወርድ ያጥበዋል። ከዚያ ኮንዲሽነር ሳትሰስቺ ቀቢና በጣትሽ ፍቺው፤ ጣትሽ የተቋጠረውን ያገኘዋል፣ ማበጠሪያ አያገኘውም፣ ይበጥሰዋል እንጂ። ጣት ካለፈ በኋላ ጥርሱ ሰፋ ያለ ማበጠሪያ ያዢና ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ሥር ውጪ። መጋጠሚያው ጋ ስትደርሺ ከላዩ በሌላ እጅሽ ጨብጠሽ ያዢው፣ መሳቡ ሥሩ ድረስ እንዳይሄድ። በፎጣ አትፈትጊው፤ አሮጌ ካናቴራ ጠቅልይበትና ውሃውን ይምጠጥ። ሌሊት ሳቲን ሻሽ ይሁን።

(ሂጃብ የምትለብሱ የጅማ እህቶቼ ይህን እግረ መንገዴን ስሙኝ፦ እርጥብ ፀጉር አስራችሁ ከላዩ አትሸፍኑ። የኛ አየር ራሱ እርጥብ ነው፤ ታፍኖ ሲውል ለፎረፎርም ለሽታም ይዳርጋል። ቢያንስ ሥሩ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ከሂጃቡ ሥር የምታደርጉት ጥጡን ትታችሁ ሳቲን ይሁን።)

ቢሮ ስትሄጂ ሁለቱ ፀጉር እንዳይለያይ መላ አለው። እርጥቡን ፀጉር በትንሽ በትንሹ ፈትለሽ፣ ቀጥ ያለውን ጫፍ ቢጎዲን ላይ ጠቅልለሽ እደሪ። ጠዋት ስትፈቺው ጫፉም ጥቅልል ይሆናል፣ መጋጠሚያው አይታወቅም። እንዲይዝልሽ ከፈለግሽ ተልባ ቀቅለሽ፣ ሳይቀዘቅዝ አጥልለሽ፣ የሚያሙለጨልጨውን ውሃ ተጠቀሚ፤ ከሱቅ ጄል አያንስም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ከሸተተሽ ድፊው። ፒያስትራ ግን ከሰርጉ በፊትም በኋላም አይንካው፤ እሳቱ ከበዛ አዲሱንም ጥቅልል ሊገድለው ይችላል፣ ያ ደግሞ ልክ እንደ ሪላክሰሩ አይመለስም።

እናትሽ ቅቤ ይቀባ ማለታቸው አይቀርም። እሺ በያቸው። ለጋ ቅቤ ፀጉር አያበቅልም፣ የተጎዳውንም አያድንም፤ ያለውን ግን ሸፍኖ ያለሰልሳል፣ መፋተጉን ይቀንሳል። ጫፉ ላይና መጋጠሚያው ላይ ይቀቡሽ፣ በሻሽ ተጠቅልሎ ይደር፣ በማግስቱ ይታጠብ። ፎረፎር ካለብሽ ወይም ቁስሉ ገና ካልጠገገ የራስ ቆዳሽን አያስነኩት።

ቁስሉን ካነሳሁ፣ በቀን ብርሃን ሰው ያይልሽ። ጠባሳው ላይ ትናንሽ ፀጉር ብቅ ብቅ ካለ ደግ ነው። ቆዳው ለስልሶ የሚያብለጨልጭ፣ የፀጉር ቀዳዳ የማይታይበት ከሆነ፣ ወይም አናትሽ መሀል ላይ ክብ ሆኖ እየሳሳ ከሄደ፣ የኔን ምክር ትተሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። ጠባሳ የዋጠው ሥር መልሶ አያበቅልም፤ ቶሎ ከታየ ግን የቀረውን ማትረፍ ይቻላል። ይሄን ለሰርጉ ብለሽ አታቆዪው።

ከሰርጉ በኋላ ስትቆርጪ ቀኑን ለእናትሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ፀጉሩን አርጥቢው፣ ጥቅልሉና ቀጥ ያለው ያኔ ለዓይን ይለያሉ። በትናንሽ ከፍለሽ ከመጋጠሚያው ዝቅ ብለሽ ሳይሆን ልክ ከላዩ ቁረጪ፤ የተረፈ ቀጥ ጫፍ ካለ ያንኑ ቋጠሮ ይዞ ይቀጥላል። መጀመሪያ ቀን መስታወት ውስጥ የማታውቂያት ሴት ትቆማለች። ፊትሽ ይገዝፋል፣ ጆሮሽ ይታያል፣ አንገትሽ ይበርድሻል። ሁለት ሳምንት ስጪያት።

እኔ የለመድኳት በዝናብ ነው። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚመጣው። ሪላክሰር በነበረኝ ዘመን ቦርሳዬ ውስጥ ፌስታል ጠፍቶ አያውቅም፤ ጠብ ሲል ራሴ ላይ አጥልቄ ወደ በረንዳ ነበር የምሮጠው። ከቆረጥኩ በሦስተኛው ሳምንት ሂርማታ ገበያ ውዬ ስመለስ ያዘኝ። እጄ ወደ ፌስታሉ ሄደ፣ ከዚያ ለምን እንደሄደ ጠፋብኝ። ውሃው በቀጥታ ቆዳዬን ሲነካኝ፣ ከጆሮዬ በላይ ያለችውን ጠባሳም ሲነካት፣ ቀዝቃዛ ነበር። ቤቴ እስክደርስ በእርጋታ ሄድኩ።

የሰርጉ ፀጉር ይቀረኛል። ሹሩባ ተሠሪ። ጥር ላይ የሚኖርሽ ርዝመት ከሥሩ ለመያዝ ይበቃል፣ ቀጥ ያለውም ሹሩባው ውስጥ ይደበቃል። ቀጭን አይሁን፣ ወፈር ያለ ይሁን፤ ቀጭኑ መጋጠሚያውን ይስበዋል። ግንባርሽና ጆሮ ግንድሽ አካባቢ ያለውን ስስ ፀጉር አያጥብቁት፤ ከዚያ የሚነቀል ፀጉር ቶሎ አይመለስም። ሰርጉ እሁድ ከሆነ ሐሙስ ተሠሪ፣ እስከ እሁድ ላላ ይልልሻል። ማታ ሕመሙ እንቅልፍ ከከለከለሽ ግን «ልቻለው» አትበዪ፣ ያመመሽን መስመር ፈትተሽ እንደገና አስይዢው። ሠሪዋ ባለሙያ ትሁን፤ የመጀመሪያዋን መስመር ግን እናትሽ ያውጡልሽ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጠሽ።